የካምብሪጅ ሕዝባዊ ንግግሮች
በእንግሊዝ አገር በምትገኘው የዩኒቨርሲቲ ከተማ በካምብሪጅ፣ ደራስያንና ሊቃውንት ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ለታዳሚ የሚያቀርቧቸው ንግግሮች ሲሆኑ፣ ስመ ጥሮቹ በስጦታ ገንዘብ የቆሙና በሰጪው ወይም በሚታሰበው ሰው ስም የሚጠሩ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በተለየው በትሪኒቲ ኮሌጁ የክላርክ ንግግር፣ ደራሲው ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ስለ ልብ ወለድ ያሰማው ተከታታይ ትምህርት በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1928 ኒውንሃምና ገርተን በተባሉት የሴቶች ኮሌጆች ያደረገቻቸው ንግግሮች፣ ሴት ለመጻፍ ገንዘብና የግል ክፍል ያስፈልጋታል ለሚለው የ1929 ድርሰቷ መነሻ ሆነዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው ግን ገና በ1948 ነበር። በ1932 ለክላርክ ንግግር ተጋብዛ አለመቀበሏም የሚያስገርም አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ያወዛገበው ሳይንቲስትና ደራሲ የነበረው ሲ. ፒ. ስኖው በግንቦት 1959 በሴኔት ሃውስ ያቀረበው የሪድ ንግግር ሲሆን፣ የሥነ ጽሑፍ ምሁራንና የሳይንስ ሊቃውንት የማይግባቡ ሁለት ባህሎች ሆነዋል ሲል፣ ቴርሞዳይናሚክስ የተባለው የሙቀትና የኃይል ጥናት ሁለተኛ ሕግ ምን እንደሆነ የተማሩ ሰዎችን ጠይቆ መልስ ማጣቱን በማስረጃነት አንሥቷል። ሐያሲው ኤፍ. አር. ሊቪስ በ1962 በዳውኒንግ ኮሌጅ የሰጠው ምላሽ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን የስኖውን የደራሲነት ችሎታ ጭምር ያጣጣለ፣ ከሙግት ይልቅ ወደ ዘለፋ ያጋደለ ነበር።