የእግር ጉዞ መስመሮች አመዘጋገብ

የእግር ጉዞ መስመሮች አመዘጋገብ ማለት በተራራ፣ በደንና በገጠር የሚያልፉ የእግር መንገዶችን ስም፣ መነሻና መድረሻ፣ ርቀት፣ ከፍታ፣ አስቸጋሪነትና ወቅታዊ ሁኔታ አንድ ወጥ በሆነ ሥርዓት በጽሑፍና በካርታ ላይ የማስፈር ሥራ ነው። ውክፔዲያንና ኦፕንስትሪትማፕን በመሳሰሉ ብዙ ሰዎች በጋራ በሚያዘጋጇቸው የማጣቀሻ ሥራዎች አንዱ የጀመረውን ሌላው ስለሚቀጥለው፣ ሁሉም በአንድ መለኪያ ካልጻፈ መረጃው እርስ በርሱ ይጋጫል። በኢትዮጵያ ደግሞ የፊደል፣ የዘመን እና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ሥራውን ያወሳስበዋል።

ስምና አጻጻፍ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ አብዛኞቹ የእግር መንገዶች ለመዝናኛ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ገበሬዎች፣ ምእመናን፣ እረኞችና እንጨት ለቃሚዎች በየዕለቱ ሲመላለሱ የተፈጠሩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ የተጻፈ ስም የላቸውም፤ የሚታወቁት በሚያገናኟቸው ቦታዎች ነው። ለእንዲህ ያለ መንገድ አዲስ ስም ከመፍጠር ይልቅ መነሻውንና መድረሻውን መጻፍ ይመረጣል።

የቦታ ስሞችም ራሳቸው አሻሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ለምሳሌ ቀራንዮ በመጀመሪያ በወንጌል የተጠቀሰው የስቅለት ስፍራ ስም ሲሆን፣ «ራስ ቅል» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ ደግሞ የሰፈር ስም ነው፤ ከኮልፌ ጋር ተጣምሮም የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ አንድ መስመር «ከቀራንዮ ይነሳል» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ከሰፈሩ ይሁን ከሰፊው ክፍለ ከተማ ሌላ ጫፍ አይታወቅም። መናገሻም እንዲሁ የከተማ፣ የተራራና የደን መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው ግን 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። አብያተ ክርስቲያናት በገጠር መንገድ ዋና ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን «መድኃኔ ዓለም» የሚለው ስም በ«ኃ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ሐ»፣ እንዲሁም በ«ዓ» ወይም በ«አ» ተጽፎ ይገኛል። የኮምፒውተር ፍለጋ እነዚህን እንደተለያዩ ቃላት ሊቆጥራቸው ስለሚችል፣ አንዱ አጻጻፍ ለርእስ ተመርጦ ሌሎቹ ወደ እርሱ እንዲመሩ ይደረጋል። «ሰሜን» እና «ስሜን»፣ «ራስ ደጀን» እና «ራስ ዳሸን» የሚሉት አጻጻፎችም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ።

የአስተዳደር ወሰንም ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ሰበታንና ቡራዩን የመሳሰሉ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በሥሩ ተጠቃለዋል። የመስመሩ መነሻ በአስተዳደር ስም ብቻ ሳይሆን በኬክሮስና በኬንትሮስ ጭምር ከተጻፈ ስሙ ቢለወጥም ቦታው አይጠፋም።

ርቀትና ከፍታ

በርቀት አጻጻፍ ረገድ ዋናው ስህተት «መሄጃ ብቻ» እና «ደርሶ መልስ» የሚለውን አለመለየት ነው። አንዱ ጸሐፊ 8 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 16 ኪሎ ሜትር ቢል ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንባቢው ግን የሚይዘውን ውኃና ምግብ በዚህ ቁጥር ነው የሚወስነው።

ከፍታም በምንጩ ይለያያል። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ የሆነው ራስ ደጀን በአንዳንድ ጽሑፎች 4,533 ሜትር፣ በሌሎች 4,550 ሜትር፣ በቀደሙት ደግሞ 4,620 ሜትር ተብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር በተደረገው የራዳር ልኬት የተገኘው የከፍታ መረጃ በብዙ ድረ ገጾችና ስልኮች ያገለግላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ አካባቢን አማካይ ስለሚወክል ሹል ጫፎችን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከምንጩ ጋር አብሮ ይጻፋል። ከዚህም በላይ የተራራው ከፍታና በጉዞው የሚወጣው ዳገት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ ይቀመጣሉ።

የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩበት «አዲንዳን» የተባለው የልኬት መነሻ ዛሬ በጂፒኤስ ከሚሠራበት ይለያል። ሳይቀየር የተገለበጠ ነጥብ ከመቶ ሜትር በላይ ሊዛባ ይችላል። ይህ በሜዳ ላይ ቀላል ቢሆንም በገደል አፋፍ ላይ አደገኛ ነው።

የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር

በኢትዮጵያ የቀኑ 1 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ነው። «ከጫፉ በ10 ሰዓት መመለስ ይጀመር» የሚል ምክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። ይኸው ቁጥር እንዳለ ወደ ሌላ ቋንቋ ቢዛወር አንባቢው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይጨመራል። ዓመተ ምሕረትም ከውጭው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ መንገዱ የተዘጋበት ወይም የታየበት ቀን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይለያል።

የጉዞውን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ሕግ አሁንም ያገለግላል። በግምት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገትም አንድ ተጨማሪ ሰዓት ይታሰባል። በዚህ ስሌት 12 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይወስዳል። ሕጉ የተዘጋጀው ከፍተኛው ተራራ 1,345 ሜትር በሆነበት አገር በመሆኑ፣ አየሩ በሚሳሳበት በኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ የበለጠ ጊዜ መመደብ ያስፈልጋል።

የአስቸጋሪነት ደረጃ

«ቀላል» ወይም «ከባድ» የሚሉ ቃላት እንደ ጸሐፊው ጉልበት ይለያያሉ። ለዚህም የስዊዘርላንድ የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ክበብ ያወጣው ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ በብዙ አገር ተወዷል። መለኪያው የሰውን ድካም ሳይሆን የመንገዱን ባሕርይ ይመለከታል፦ መንገዱ በግልጽ ይታያል ወይ? የመውደቅ አደጋ አለ ወይ? እጅን መጠቀም ያስፈልጋል ወይ? በመጀመሪያው ደረጃ ማንም ሰው ሊራመድበት የሚችል ጥርጊያ መንገድ ሲኖር፣ በመጨረሻው ደረጃ ልምድ ላላቸው ብቻ የሚሆን ቋጥኝ አለ።

በነጻ ካርታ ላይ

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ መሬት ላይ ያለውን መንገድና በእርሱ የሚያልፈውን የጉዞ መስመር ለይቶ ይመዘግባል። መንገዱ አንድ ጊዜ ይሣላል፤ መስመሩ ግን የመንገድ ቁራጮችን የሚያሰባስብ ዝርዝር ነው። ሁለት መስመሮች አንድ መንገድ ቢጋሩ ያው መንገድ በሁለቱም ዝርዝር ይገባል፤ ሁለት ጊዜ አይሣልም። መስመሮች የአካባቢ፣ የክልል፣ የአገር እና ዓለም አቀፍ ተብለው በአራት ደረጃ ይመደባሉ።

ከሳተላይት ፎቶ ብቻ መሣል በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ወይም በወጨጫ ጥድ ሥር ያለውን ቀጭን መንገድ ያስቀራል። ስለዚህ በጂፒኤስ ይዞ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ማለፉ ብቻ ግን ቦታውን መንገድ አያደርገውም፤ የታረሰ ማሳ ወይም የግል ግቢ አቋርጦ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ፦ የሰሜን ተራሮች

በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው የብዙ ቀን የእግር ጉዞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚደረገው ነው። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በጊጭና በጨነቅ ያልፋል፤ የሚቀጥሉም ወደ ራስ ደጀን ይደርሳሉ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የጊጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከዚያ በፊት የተጻፉ መግለጫዎች ግን ጊጭን ሰው የሚኖርበት መንደር አድርገው ያቀርባሉ፤ ያንን አምኖ የሚሄድ መንገደኛ ውኃም ሆነ እርዳታ ከመንደሩ ሊጠብቅ ይችላል።

መረጃን ማደስ

የእግር መንገድ በክረምት ጎርፍ፣ በመሬት መንሸራተት፣ በአዲስ አውራ ጎዳና ወይም በአጥር ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በተራራው ላይ አዳዲስ የመራመጃ መንገዶች ተጨምረዋል። በመሆኑም አንድ መግለጫ መቼና በየትኛው ወቅት እንደተረጋገጠ መጻፉ እንደ ርቀቱና እንደ ከፍታው ሁሉ የመረጃው አካል ነው። በየካቲት በድንጋይ ተረግጦ የሚታለፍ ወንዝ በነሐሴ ሊያሻግር አይችልም።