ከብርብራ ወደ መንጠቆ

ከይፋት ደጋ አፋፍ ወርደው የሸዋ ሮቢትን ቆላ የሚያቋርጡት የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ወደ አዋሽ ያመራሉ። ክረምት ሲሆን ሞልተው ይደነፋሉ፤ በጋ ሲጸና ግን እንዲህ ባለው የቆላ ወንዝ ውሃው ሳስቶ በየጥልቁ ይቋጠራል፤ ዓሣውም በዚያው ይታጎራል።

በአገራችን ወንዞች የባልንጀሮች ዓሣ ማስገር ከጥንት ጀምሮ ከብርብራ ፍሬ ጋር የተሳሰረ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ዱቄቱ በተቋጠረው ውሃ ላይ ይበተናል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጂንን እንዳይጠቀም ስለሚያግደው፣ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። የሚወቅጠው፣ የሚበትነውና የሚለቅመው ተባብሮ ሲሠራ፣ ሥራውና ጨዋታው አንድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብርብራ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም፤ የአንድ ቀን ደስታ የመጪውን ዓመት ዘር ያጠፋል።

በመንጠቆ መዝናናት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ትራውት የተባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ተለቀቀ፤ ይህም ለስፖርት አስጋሪዎች ታስቦ ነበር። መንጠቆ አንድ በአንድ ይይዛል፤ ትንሹን ለመመለስም ጊዜ ይሰጣል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማስገርን ከልክሎአል። ሆኖም ልማድ በአዋጅ ብቻ አይለወጥም። የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ተግባር፣ የወንዝ ዳሩን ባልንጀርነት ጠብቆ መርዙን ብቻ ማስጣል ነው።