ከጎማ መጋጠሚያ እስከ ሳተላይት፤ የሰደድ እሳት መከላከል ቅንጅት ታሪክ

እ.ኤ.አ. እሑድ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1904 ረፋድ ላይ፣ በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ የንግድ ሠፈር ከሚገኝ የአንድ ጅምላ ነጋዴ ሕንፃ ምድር ቤት እሳት ተነሣ። ነፋሱ እሳቱን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ አሻገረው። የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኃይላቸው እንደማይበቃ በተረዱ ጊዜ ለአጎራባች ከተሞች በቴሌግራፍ የርዳታ ጥሪ አስተላለፉ። ከዋሽንግተን የተላኩት የእሳት ማጥፊያ ሞተሮች በባቡር ተጭነው በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ደረሱ፤ በኋላም ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ ተጨማሪ ኃይል መጣ። ሰውም ሞተርም ውኃም ነበር። ይሁን እንጂ እንግዶቹ ይዘውት የመጡት የውኃ ጎማ መጋጠሚያ ከባልቲሞር የውኃ ማውጫ ቧንቧ ጋር የማይገጥም ሆኖ ተገኘ። ቃጠሎው 30 ሰዓት ያህል ቆይቶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችን ካወደመ በኋላ ቆመ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ በአሜሪካ ከተሞች ከ600 በላይ ዓይነት የጎማ መጋጠሚያ በሥራ ላይ እንደነበረ ታወቀ። በ1905 የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር ዲያሜትሩ 2.5 ኢንች፣ ጥርሱም በአንድ ኢንች 7.5 የሆነ አንድ ወጥ ደረጃ አጸደቀ። ደረጃው ግን በጽሑፍ መኖሩ ብቻውን በቂ አልነበረም። ከ86 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1991፣ በካሊፎርኒያ ከኦክላንድ ከተማ በላይ ካሉት ኮረብታዎች የወረደ ሰደድ እሳት 25 ሰዎች ሲገድል፣ ለርዳታ የመጡት የጎረቤት ቡድኖች ያገኙት የውኃ ማውጫ 3 ኢንች ነበር፤ የእነርሱ ጎማ ደግሞ 2.5 ኢንች። የባልቲሞር ታሪክ ተደገመ።

እነዚህ ሁለት አደጋዎች የሚያስተምሩት፣ በእሳት መከላከል ሥራ ድካሙ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን አንዱ መሣሪያ ከሌላው፣ አንዱ መሥሪያ ቤትም ከሌላው በሚገናኝበት ቦታ ላይ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ የዚህ የመገናኛ ቦታ ታሪክ ነው።

ሁለት ማማ፣ አንድ ሰሜን

ሰደድ እሳት ከከተማ ቃጠሎ የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ተመልካች ስለማይኖረው ነው። በ1910 በአይዳሆና በሞንታና ግዛቶች 1.2 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል መሬት ከተቃጠለ ወዲህ የአሜሪካ የደን አገልግሎት በተራራ ጫፎች ላይ የመመልከቻ ማማዎችን በብዛት አቆመ። የዚሁ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው ዊልያም ኦዝቦርን በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የሠራው የእሳት መፈለጊያ መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነበር። በክብ ጠረጴዛ ላይ የአካባቢው ካርታ ይዘረጋል፤ በዙሪያው በዲግሪ የተከፋፈለ ቀለበት ይሽከረከራል፤ ተመልካቹም ወደ ጭሱ አነጣጥሮ አቅጣጫውን ያነባል።

አንድ ማማ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይነግርም። ሁለተኛው ማማ የራሱን ንባብ በስልክ ሲያስተላልፍ ግን ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ነጥብ የእሳቱ ቦታ ይሆናል። ለዚህም ሁለቱ ተመልካቾች አስቀድመው በአንድ ካርታና በአንድ ሰሜን መስማማት አለባቸው። አንዱ ከእውነተኛው ሰሜን፣ ሌላው ከኮምፓስ ሰሜን ተነሥቶ ቢለካና ልዩነቱ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የአንዱ መስመር ስሕተት ብቻ 3.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም በትክክል አንብበው፣ እሳት አጥፊዎቹ ወደ ሌላ ሸለቆ ይላካሉ ማለት ነው።

የ1970 ትምህርት

ይህ የመስማማት ጉዳይ ከመሣሪያ አልፎ ወደ ሰው አደረጃጀት የተሸጋገረው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ከሴፕቴምበር 22 እስከ ኦክቶበር 4 ቀን 1970፣ በ13 ቀናት ውስጥ፣ ሰደድ እሳት 16 ሰዎች ገደለ፤ ከ700 በላይ ቤቶችና 230,000 ሄክታር ያህል መሬትም አቃጠለ። የፌዴራሉ፣ የግዛቱ፣ የአውራጃውና የከተማው እሳት አጥፊዎች በአንድ ሜዳ ተገናኙ፤ ሆኖም ሬዲዮዎቻቸው አልተገናኙም። የማዕረጉ ስም፣ የእዙ ሰንሰለት፣ የመሣሪያው መጠሪያ ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ የተለያየ ነበር። ለምሳሌ «ታንከር» የሚለው ቃል ለአንዱ ውኃ የጫነ መኪና፣ ለሌላው ውኃ የሚረጭ አውሮፕላን ነው። ታንከር የጠየቀ አዛዥ ምን እንደሚመጣለት እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ለደን አገልግሎቱ ገንዘብ መድቦ ጥናቱ ተጀመረ። «ፋየርስኮፕ» በተባለው በዚህ ፕሮግራም 7 የእሳት አደጋና የአስቸኳይ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ተሳተፉ። ጥናቱ ያስገኘው የአደጋ አመራር ሥርዓት መሠረቱ ጥቂት ደንቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ መሣሪያና የሥራ ድርሻ አንድ ስም ብቻ ይኖረዋል፤ በሬዲዮ የሚነገረው በምስጢር ቁጥር ሳይሆን በግልጽ ቋንቋ ይሆናል፤ አንድ ኃላፊ የሚያዝዘው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም የሚታዘዘው ለአንድ አለቃ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ አልተዋሐዱም። እያንዳንዱ ሕጉን፣ በጀቱንና የደንብ ልብሱን እንደያዘ፣ የሚገናኝበትን ጠርዝ ብቻ ከሌሎቹ ጋር አስማማ። ይህም የ1905ቱ የመጋጠሚያ ጥርስ በሰው አደረጃጀት ላይ ሲሠራበት ማለት ነው። ሥርዓቱን አውስትራሊያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለራሷ እንዲስማማ አድርጋ ወሰደችው፤ በ2004 ደግሞ የመላው አሜሪካ የአደጋ አመራር ሥርዓት አካል ሆነ።

ዓይን ሲበዛ

በዚህ መካከል ማማው ወደ ሰማይ ወጣ። 300 ኬልቪን ገደማ ሙቀት ያለው መሬት ጨረሩን በብዛት የሚለቀው በ10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲሆን፣ 1,000 ኬልቪን የሚደርስ ነበልባል ግን በ3 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በ4 ማይክሮሜትር ገደማ የሚለካ መሣሪያ፣ ከአንድ የምስል ነጥብ ስፋት እጅግ ያነሰውን እሳት እንኳ ከቀዝቃዛው መሬት ይለየዋል። በ1999 እና በ2002 ወደ ሕዋ የተላኩት ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች በዚህ ዘዴ እሳትን 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ነጥብ አመለከቱ፤ በ2011 የተላከው መሣሪያ ነጥቡን ወደ 375 ሜትር አጠበበው።

ማየት ግን ብቻውን ሕይወት አያድንም። ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 መብረቅ በካንቤራ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ያስነሣው እሳት ለ10 ቀናት ሲታይ ሰነበተ፤ ጃንዋሪ 18 ከተማይቱ ውስጥ ገብቶ 4 ሰዎች ሲገድልና 500 ያህል ቤቶች ሲያቃጥል ግን ብዙው ነዋሪ ማስጠንቀቂያው በወቅቱ አልደረሰውም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009፣ ባልቲሞር በተቃጠለበት ዕለት በ105ኛ ዓመቱ፣ በቪክቶሪያ ግዛት 173 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ በግዛቲቱ የገጠሩን መሬት እሳት የሚከላከለው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥትን ደን የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ ከኪልሞር ምሥራቅ የተነሣውና ከ100 በላይ ሰዎች የገደለው እሳት ወዴት እንደሚያመራ የሚያሳይ ትንበያ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ሊጠቀሙበት ለሚገባቸው በጊዜው አልደረሰም። ካርታው ተሠርቷል፤ ካርታው ከሰው ጋር የሚጋጠምበት ግን አልነበረም። ኮሚሽኑ በ2010 ካቀረባቸው 67 የውሳኔ ሐሳቦች ብዙዎቹ የሚመለከቱት ይህንኑ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ክፍተት ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የጋራ የማስጠንቀቂያ ደንብ ነው። በ2001 ከ130 የሚበልጡ የአደጋ መከላከልና የመገናኛ ባለሙያዎች መመካከር ጀምረው፣ ደንቡ በ2004 ጸደቀ፤ በ2007 ደግሞ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ተቀበለው። በዚህ ደንብ መሠረት ማንኛውም ማስጠንቀቂያ የአደጋውን ዓይነት፣ አጣዳፊነቱን፣ ክብደቱን፣ እርግጠኛነቱንና የሚመለከተውን ቦታ በተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። አንድ ጊዜ የተጻፈው መልእክት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በስልክና በሳይረን ሊተላለፍ ይችላል፤ ላኪና ተቀባይ መሣሪያዎቹ የአንድ ፋብሪካ ሥራ መሆን አያስፈልጋቸውም።

ባሌና ቦረና፣ 1992 ዓ.ም.

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና በተነሣው ሰደድ እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ተቃጠለ። ገበሬዎች፣ ተማሪዎችና ወታደሮች በቅጠልና በእጅ መሣሪያ ተዋጉ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎችም አብረዋቸው ተሰለፉ። በመጨረሻም እሳቱን በማጥፋት የበልግ ዝናብ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እንዲህ ያለው ዘመቻ በአንድ ተራራ ላይ የሚያገናኛቸው ሰዎች በቋንቋ፣ በካርታ፣ በመለኪያና በእዝ የተለያዩ ናቸው። ይህ ልዩነት በእሳቱ ፊት በአንድ ሌሊት አይስተካከልም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ከላይ የተነገረው ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ድሩ የሚያብረው ቋጠሮው አስቀድሞ ከታሰበበት ነው። የጥርሱ ቁጥር፣ የሰሜኑ አቅጣጫ፣ የሬዲዮው ሞገድ፣ የመኪናው ስም፣ የመልእክቱ ቅርጽ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል በየዘመኑ ለነገ ሲባሉ የኖሩት። የባልቲሞር እንግዶች ከቧንቧው አጠገብ ደርሰው ጎማቸውን እንደያዙ የቆሙበት ሰዓት የሚያስታውሰው፣ የመጋጠሚያው ሥራ የሚሠራው ጭስ በማይታይበት ቀን፣ በመሐንዲሱ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ነው።