መቀባበልና መሮጥ፦ ከሆርማት አሸዋ እስከ ግቢያችን ሜዳ

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች «ስለ ግቢያችን ኳስ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ክርክሩ ነው። በእኛ ጊዜ ጎንደር የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከባች ለባች ጨዋታ በኋላ ሻይ ሳይቀዳ የሚጀምር፣ የላይብረሪ ሰዓት ሲደርስም የማያልቅ ክርክር ነበር። ቡድኑ ኳስ ይቀባበል ወይስ ይሩጥ? የከተማ ልጆች፣ በተለይ የአዲስ አበባዎቹ፣ ኳስ መሬት ለመሬት ካልተንሸራሸረ ኳስ አይመስላቸውም። ከእኛ በኩል፣ ከቆቦ፣ ከአላማጣ፣ ከመርሳ የመጡት ደግሞ ኳስ እግራቸው ላይ ከደረሰ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ጎል መብረር ነው። እኔ የቆቦ ልጅ ስለሆንኩ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

በክርክሩ መሀል አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚጥላት አባባል ነበረች፦ «የኢትዮጵያዊ ሰውነት ለጉልበት ኳስ አይሆንም፤ እኛ ትንንሾች ነን፤ የሚያዋጣን መቀባበል ብቻ ነው።» ሁሉም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋታል። እኔን ግን ነጭ ጋውን ከለበስኩ በኋላ እየተመላለሰች ትከነክነኛለች። በአንድ አፍ አበበ ቢቂላንና ኃይሌን እያነሳን የሯጮች አገር ነን እንላለን፤ በሌላው አፍ ለሃያ ዓመት ወጣት «ሰውነትህ ለሩጫ አይሆንም» እንለዋለን። ይህ ነገር ከየት መጣ? ታሪኩን እንየው።

ከሥሩ ካየነው መሮጥ ይቀድማል። እንግሊዞች በ1863 (እ.ኤ.አ.) የእግር ኳስ ሕግ ሲጽፉ ከኳሱ ፊት የተገኘ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ነበር። ወደፊት ማቀበል የለም ማለት ነው፤ አንዱ ኳሱን እየነዳ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ቢነጠቅ ለመቀበል ከኋላው ይከተሉታል። በ1866 ሕጉ ላላ ተደረገና ከአጥቂው ፊት ሦስት ተጋጣሚዎች እስካሉ ድረስ ወደፊት ማቀበል ተፈቀደ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስኮትላንድና እንግሊዝ ግላስጎው ላይ የመጀመሪያውን የአገሮች ግጥሚያ አደረጉ። የስኮትላንድ ተጫዋቾች በሙሉ ኩዊንስ ፓርክ ከሚባል ከአንድ ክለብ የተገኙ፣ የሚተዋወቁ፣ ነገር ግን ከእንግሊዞቹ በክብደት የሚያንሱ ነበሩ። ተጋፍተው እንደማይችሏቸው ስላወቁ ኳሱን እርስ በርስ መቀባበል ያዙ። ውጤቱ 0 ለ 0 ሆኖ ቀረ፤ ቅብብሉ ግን ዓለምን አዳረሰ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ «ትንንሾች ስለሆንን እንቀባበል» የሚለው የእኛ ግቢ ፈጠራ አይደለም፣ ዕድሜው ከ150 ዓመት በላይ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የኮሌጅ ነው፤ ለሐኪም ደግሞ ከፊተኛው ይበልጥ ይጥማል። አሜሪካኖች በእጃቸው እየያዙ የሚጫወቱትን ኳስ «ፉትቦል» ይሉታል። እስከ 1905 ድረስ ጨዋታው ኳስ ያዡን ከበው እንደ ግንብ ተደርድረው መግፋት ነበር። በየዓመቱ ተማሪዎች አንገታቸው ይሰበራል፣ ጭንቅላታቸው ይመታል፣ ይሞታሉም። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ቤተ መንግሥታቸው ድረስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያስተካክሉ አሳሰቡ። በ1906 ሕጉ ሲቀየር ከገቡት ነገሮች አንዱ ኳሱን ወደፊት ወርውሮ ማቀበል ነው። ቅብብል እዚያ አገር በከፊል የሐኪም ማዘዣ ሆኖ ገባ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የእነሱ የኮሌጅ አሠልጣኞች ዕንቅልፍ የሚያጡበት ጥያቄ የእኛ ካፌ ጥያቄ ነው፦ ስንቱን እናቀብል፣ ስንቱን እንሩጥ? ነገሩ ግማሽ በግማሽ ማካፈል አይደለም። ተከላካዩ ሩጫህን ካልፈራ ቅብብልህን ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ቅብብልህን ካልፈራ ደግሞ ሩጫህን ተሰብስቦ ያፍነዋል። አንዱ የሚሠራው ሌላው ስለሚያስፈራ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ታቦት ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ተጋጣሚያችን ግብፅ፣ ያውም ከአምስት ዓመት በፊት ካርቱም ላይ በፍጻሜ 4 ለ 0 ያሸነፈችን። ግብፅ ቀድማ አገባች። ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርገን ወዲያው በሚቀጥለው ደቂቃ እንደገና መሩን። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አስቆጠሩና 4 ለ 2 አለቀ፤ ዋንጫውን ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምለው የጎሎቹን ሰዓት እዩ ነው፤ አራቱም ከ74ኛው ደቂቃ ጀምሮ የገቡ ናቸው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ ከቆላ የመጣ ቡድን ትንፋሹ ሲያጥር፣ እግር ያለው ቡድን አገባ። ያን ቀን ማንም ስለ ኢትዮጵያዊ ሰውነት ማነስ ያወራ አይመስለኝም።

ቀኑ ራሱ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወትነው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በ51 ዓመቱ። የሰውነት ቢሻው ቡድን በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በ10 ሰው፣ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ኳስ ሲያንሸራሽሩ ማየት ደስ ይል ነበር፤ ተረኛ የነበርን ሐኪሞች እንኳ በየኮሪደሩ ስልክ ላይ ተደፍተን ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ቡርኪናፋሶ መጣች። 1 ለ 0 እየመራች ሳለ የእሷም በረኛ በቀይ ወጣ። ኳሱ የእኛ፣ የሰው ብልጫውም የእኛ ሆነ። ከዚያስ? ቡርኪናፋሶዎች በ10 ሰው ሦስት ጎል ጨመሩ። እኛ እንቀባበላለን፣ እነሱ ነጥቀው በመልሶ ማጥቃት ከኋላችን ወዳለው ባዶ ሜዳ ይሮጣሉ። 4 ለ 0 አለቀ። ቅብብላችን የሚያስፈራ ሩጫ ስላልነበረበት ማንም ቦታውን ለቆልን አልወጣም። እኔ የዚያን ዕለት ያየሁት ይኼንን ነው፤ የኳስ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

ቅብብል ግን ከዚያ በኋላም አልሞተም፣ እንዲሞትም አልመኝም። ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን አሠልጣኙ የነበረው ውበቱ አባተ ኋላ ዋልያዎቹን ይዞ ካሜሩን ሄደ፤ ካሳዬ አራጌም ቡና ላይ ከበረኛ ጀምሮ የሚመሠረት ጨዋታን እንደ ሃይማኖት አስተማረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የውበቱ ቡድን ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የተመለከተ ሰው ትንንሽ ሰዎች አላየም። ኳሱ ይንሸራሸራል፣ ድንገት አንዱ ከተከላካዩ ጀርባ ይፈተለካል። ሁለቱም ነበሩበት።

አሁን ወደ ሰውነቱ ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ለራያ ቆላ ልጆች ጠበቃ ልቁም። ከእኔ ጋር ጎንደር የገቡት የቆቦና የአላማጣ ልጆች ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አካባቢ የተወለዱ፣ ወይም ያኔ ገና ድክ ድክ የሚሉ ነበሩ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያ ከአላማጣ ሽቅብ ዳገቱን እንደወጡ ነው። ልጅ በማህፀን ሳለና እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ በቂ ምግብ ካላገኘ ከቁመቱ የሚቀር ነገር አለ፤ በኋላ ቢጠግብም አብዛኛው አይመለስም። እንግዲህ ሜዳ ላይ አጠር ብሎ የሚታየውን ልጅ «ኢትዮጵያዊ እንዲህ ነው» ስንለው የረሃብን ሥራ ለዘር እየሰጠነው ነው። የታሪክ ጉዳይ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።

አጭር ደግሞ ዘገምተኛ ማለት አይደለም። የኃይሌ ቁመት 1 ሜትር ከ65 ገደማ ነው፤ ምሩፅ ይፍጠር በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ የወሰደው በቁመቱ ሳይሆን በመጨረሻዋ ዙር አፈትልኮ ነው። እርግጥ የረጅም ርቀትና የኳስ ሩጫ አንድ አይደሉም። ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሸፍናል፤ በሙሉ ኃይሉ የሚፈተለከው ግን የዚያን ጥቂቱን ነው፣ ያውም እያንዳንዱ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ። ለዚያች ሰከንድ ጡንቻ የሚጠቀመው ነዳጅ፣ በሁለተኛ ዓመት ባዮኬሚስትሪ ያስጨነቀን ፎስፎክሬቲን፣ ግማሹ ለመተካት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ደቂቃዎች። የደጋ ልብና ሳንባ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቶሎ ይተካል። ቅብብል ማለት ለእኔ ያቺን ግማሽ ደቂቃ መግዣ ነው። አሥሩ ኳሱን ሲያንሸራሽሩ የክንፉ ሯጭ ጡንቻው ይሞላል። ገዝቶ አለመጠቀም ነው ኪሳራው።

የቆቦ ልጆች ግን ቅብብል የማይወዱት በጠባይ አይደለም፣ በመሬት ነው። ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የማሽላ አገር ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ፣ መሀሉ ሙቀት። የሆርማት ወንዝ ሲደርቅ የሚተርፈው አሸዋ የልጆች ስታዲየም ነው። አሸዋ ላይ መሬት ለመሬት ያቀበልከው ኳስ፣ በተለይ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሠራ ከሆነ፣ ሦስት ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ማሳው ላይ ብትጫወትም የአገዳው ጉቶ ወይ ኳሱን ያዞረዋል ወይ ቁርጭምጭሚትህን። ስለዚህ ኳሱን ከእግርህ ሳትለይ ይዘኸው ትሮጣለህ። ሌላም ነገር አለ፤ በቆቦ ቀትር ማንም አይሮጥም። ፀሐይ ወደ ላስታ ስታዘቀዝቅ ነው ጨዋታ የሚጀመረው፣ ያኔም አንዱ ሮጦ ሲመለስ ግራር ሥር ቆሞ ሌላው ይተካዋል። ከላባችን ጋር የሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሲወጣ አቅም መውረድ እንደሚጀምር እኛ በትምህርት ቤት ተማርነው፤ እነዚያ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

በመጨረሻ ዓመታችን የሜዲሲን ቡድን ነገሩን የፈታው በክርክር አልነበረም። የአዲስ አበባ ልጅ አማካይ ነበረን፣ ኳስ እግሩ ላይ የሚተኛለት። በቀኝ ክንፍ ደግሞ የእኛ አገር ልጅ ነበር፣ ፊቱን ሳያዞር የሚፈተለክ። መጀመሪያ ሁለቱ ሲነታረኩ ነው የከረሙት፤ «ስጠኝ!» «ቁም ብዬህ ነበር!» እየተባባሉ። ኋላ አማካዩ አንድ ነገር ገባው፤ ክንፉ ኳስ ሳይዝም ሲሮጥ ሁለት ተከላካይ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ በከንቱ ያስሮጠውና ኳሱን እሱ ወደለቀቀው ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ሦስተኛውን፣ ተከላካዮቹ «አይሰጠውም» ብለው ሲሰንፉ፣ ይለቅለታል። የቆቦው ልጅ በከንቱ መሮጡን መጀመሪያ አልወደደውም፤ «እኔ የጭነት ፈረስ ነኝ ወይ?» አለ። ጎል ሲያገባ ግን ዝም አለ። ዛሬ ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፤ ስማቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ቆቦ ከዚያ በኋላ ብዙ አሳልፋለች፤ ጦርነቱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰባት እዚህ አልዘረዝርም። ለኳስ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ከቆቦ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወልዲያ፣ በ2009 ዓ.ም. በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል፤ ወልዲያ ከተማም በዚያው ዓመት በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ሣር ላይ የሠላሳ ሜትር ቅብብል ሳይሞት ሯጩ ጋ ይደርሳል። አሸዋ ላይ ያደገ ሯጭ እንዲህ ያለ ኳስ ሲደርሰው ምን እንደሚሆን ገና በደንብ አላየንም።

ለመምህራኑ የምለው አለኝ። ግቢው ውስጥ ሐኪምም የስፖርት ሳይንስ ባለሙያም አለ። በየዓመቱ ከራያ ቆላ የሚገቡትን ተማሪዎች የ30 ሜትር ሩጫ፣ ደጋግሞ መሮጥ የሚችሉትን ያህል፣ ቁመታቸውንና ክብደታቸውን መዝግቡልን፤ ከሌላው አካባቢ ልጆች ጋርም አስተያዩት። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ሰዓት መያዣና ከሰዓት በኋላ የሚገኝ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። የእኛን ባችም መለካት ከፈለጋችሁ ለስብሰባው ስንመጣ እንሰለፋለን፤ ቦርጩ ከግምት ይግባልን እንጂ።