ወደ ጎን የምታየዋ ልጅ

የሌንቺ አሻንጉሊት። ቱሪን፣ ጣሊያን፤ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። ፌልት፣ ቀለም፣ የአንጎራ ፍየል ፀጉር። ከግል ስብስብ።

ፌልት ሸማኔ አያውቀውም። የበግ ፀጉር በእርጥበት፣ በሙቀትና በጫና እርስ በርሱ ተቆላልፎ ወፍራም ጨርቅ ይሆናል። ኤሌና ኮኒግ ስካቪኒና ባለቤቷ ኤንሪኮ በ1919 ቱሪን ላይ የሌንቺ አሻንጉሊቶችን ሥራ ሲጀምሩ፣ ምርጥ የሚባል አሻንጉሊት ፊቱ እንደ ስኒ የሚሰበር ሸክላ ነበር። እነሱ ግን ፌልቱን በቅርጽ ማውጫ በሙቀት ተጭነው፣ ስፌት የማይታይበት ጉንጭና አፍንጫ አወጡለት። ዓይንና ከንፈሩ በእጅ ተቀባ።

ጠጋ ብለው ይዩዋት። ዓይኖቿን ወደ ጎን ጥላለች፤ አንድ ነገር አጥፍታ «አዩኝ ይሆን?» የምትል ትመስላለች። የመሃልና የቀለበት ጣቶቿ አልተለያዩም፣ አንድ ላይ ተሰፍተዋል። ሰብሳቢዎች ሌንቺን ሲፈልጉ ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም፣ አስመሳዩ ብዙ ነበርና።

ከግራ ጆሮዋ ሥር ያለችው ቀዳዳ የብል ሥራ ናት። ሻጩ በፀጉሯ ሸፍኗት ነበር፤ ያየኋት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ተናደድኩ እንጂ አልመለስኳትም፤ እንዲህ ያለ ኩርፊያ ሌላ አሻንጉሊት ላይ አላገኘሁም። ከሌሎቹ ጋር ከማስቀመጤ በፊት ብሉ እንዳይዛመት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አቆየኋት። ቀዳዳዋን አልደፈንኩም።

መብራቱ የደበዘዘው የጉንጯ ቀለም እንዳይለቅ ነው። እባክዎ በፍላሽ ፎቶ አያንሱ።