የጋምቤላ መሬትና የውክልና ሥልጣን
በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመሬትን ሥልጣን በሁለት ከፍሎታል፤ ይኸውም በአንቀጽ 51 ሕጉን የሚያወጣ የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፥ በአንቀጽ 52 በዚያው ሕግ መሠረት የሚያስተዳድር ክልሉ ነው። ይሁን እንጂ ጋምቤላን ጨምሮ ክልሎች ለሰፋፊ እርሻ የሚሆነውን መሬት የማስተዳደር ሥልጣናቸውን በውክልና ለፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር አስተላለፉ። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. በኢታንግና በጂካዎ 100,000 ሄክታር ለሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ በኪራይ የሰጠው ሚኒስቴሩ ነበር። አንቀጽ 50 ግን የሚናገረው ፌዴራሉ ሥልጣኑን ለክልል ስለ መወከሉ ነው፤ ክልል ለፌዴራሉ ስለሚሰጠው ውክልና የተጻፈ ቃል ስለሌለ፥ ዝምታው እንደ ፈቃድ ተተረጐመ። በ2008 ዓ.ም. ውሉን ያፈረሰውም ያው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በዚህም የአኙዋክና የኑዌር ሕዝብ ስለ መሬቱ አቤት የሚልበት ክልል የአንቀጽ 52 ሥልጣኑን በእጁ ሳይዝ ቀረ።