የፖስታ መለያ ቁጥርና የከተሞች ትክክለኛ ሥፍራ

በዘመናችን አንድ ሰው አምስት አኃዝ በኮምፒዩተር ላይ ጽፎ የአንድን ከተማ ሥፍራ ቢጠይቅ መልሱ በቅጽበት በካርታ ላይ ይቀርብለታል። የሚቀርብለት ነጥብ ግን ከተማው ካለበት ሥፍራ የራቀ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ቁጥሩ ለምን ተግባር እንደ ተፈጠረ መመርመር ያስፈልጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልምድ የነበራቸው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሠራተኞች በመዝመታቸው፣ በምትካቸው የገቡት አዳዲሶች ደብዳቤ መለየት ይቸግራቸው ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1943 ታላላቆቹ ከተሞች በቁጥር በተሰየሙ ቀጠናዎች ተከፈሉ። በተከታዩ ዓመት ሮበርት ሙን የተባለ የፊላደልፊያ ፖስታ ተቆጣጣሪ አገሪቱን በሙሉ የሚያጠቃልል የቁጥር ሥርዓት እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረበ። ዚፕ ኮድ የተባለው ሥርዓት ሥራ ላይ የዋለው ግን ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1963 ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የአገሪቱን ክፍል፣ ተከታዮቹ ሁለቱ ደብዳቤው የሚለይበትን ማዕከል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፖስታ ቤቱን ወይም የእደላ ቀጠናውን ያመለክታሉ።

እንግዲህ ቁጥሩ የሚወክለው ወሰን የተከለለለት መሬት ሳይሆን ፖስተኛው የሚመላለስባቸውን መንገዶች ነው። አንዱ ቁጥር ሰፊ ገጠር ሲይዝ ሌላው ከፖስታ ሣጥኖች በቀር ምንም የለውም፤ 12345 የተባለው እንኳ (ቁጥሩ ቀልድ ይመስላል) በስከኔክታዲ ከተማ ለነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ብቻ የተሰጠ ነው። ካርታ ሠሪው ከእንዲህ ያለ ስብስብ መካከለኛ ነጥብ ሲያወጣ ነጥቡ ሰው በሌለበት ተራራ ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም። የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱም ይህን በመገንዘብ ለ2000 ቆጠራ ከቁጥሮቹ ጋር የሚቀራረቡ የራሱን ክልሎች ለማዘጋጀት ተገዷል።

ስሕተቱ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በሚቺጋን ግዛት የምትገኘው የፍሊንት ከተማ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከፍሊንት ወንዝ እንዲቀዳ ተደረገ። ነዋሪዎቹ ስለ ውሃው ቢያማርሩም፣ የግዛቱ ባለሥልጣኖች የሕፃናቱን የደም ምርመራ በዚፕ ኮድ ደልድለው የእርሳስ መጠኑ የሚያሳስብ ጭማሪ አላሳየም አሉ። ነገር ግን የፍሊንት ስም ካላቸው አድራሻዎች ሲሶ ያህሉ ከከተማዋ ወሰን ውጭ ስለሆኑ የወንዙን ውሃ አይጠጡም ነበር። የእነዚህ ጤነኛ ሕፃናት ውጤት የታመሙትን ሸፈነ።

የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና-አቲሻና የጂኦግራፊ ባለሙያው ሪቻርድ ሳድለር እያንዳንዱን ሕፃን በቤቱ አድራሻ በካርታ ላይ አስቀመጡ። በከተማዋ ወሰን ውስጥ በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት ከ2.4 ወደ 4.9 በመቶ ማደጋቸው ታወቀ። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2015 ለሕዝብ ተገለጸ፤ ባለሥልጣኖቹ መጀመሪያ ቢያስተባብሉትም በኦክቶበር ወር ከተማዋ ወደ ቀድሞው የዲትሮይት ውሃ ተመለሰች።